ላም ባልዋለበት ኮምፕሌክስ ሴንተንስ

«ኮምፕሌክስ ሴንተንስ መሥራት የማይችል የአምስተኛ ክፍል ተማሪ እንግሊዝኛ ተምሯል አይባልም!» ይህን የተናገሩት ከየጁቤ ብዙም በማይርቅ አንድ ትምህርት ቤት በተደረገ የጉድኝት ስብሰባ ላይ የተገኙ ሱፐርቫይዘር ናቸው። ስማቸውን አልጠራም፤ ብቻቸውንም አይደሉም። ከቢቸና እስከ ሞጣ፣ ከደብረ ማርቆስ እስከ ደጀን፣ ስለ ትምህርት ጥራት ሊናገር የቆመ ሰው ሁሉ ይህችን መዝሙር ይዟል። ለነገሩ የእሳቸው ንግግር ግማሽ ቀን የፈጀ ሲሆን፣ ከአፋቸው የወጣው እንግሊዝኛ «ኮምፕሌክስ ሴንተንስ»፣ «ቼክሊስት» እና «ኦኬ» ብቻ ነበር። በእሳቸው መለኪያ እሳቸው ራሳቸው ስንተኛ ክፍል እንደሚመደቡ ግን የጠየቃቸው የለም።

ለማስረጃ ብለው ከፍ አድርገው ያሳዩን የአንዲት ልጅ ደብተር ነበር። ገጹ ጥርት ያለ ነው። ከላይ ትርጓሜው ሰፍሯል፦ አንድ ኢንዲፔንደንት ክሎዝና ቢያንስ አንድ ዲፔንደንት ክሎዝ ያለው ዓረፍተ ነገር፣ ወዘተ። ከሥሩ አምስት ምሳሌዎች ተደርድረዋል፤ በቀይ እስክሪብቶ ትልቅ ራይት ተደርጎ «ቬሪ ጉድ» ተጽፎበታል። ቤቱ አጨበጨበ። እኔ ግን አጠገቧ የሚቀመጠውን ልጅ ደብተር ተቀብዬ ገለጥሁ። እነዚያው አምስት ምሳሌዎች! የሦስተኛውም ያው ነው። መምህሩ «ኦልዞው» የሚለውን ቃል ሰሌዳ ላይ ሲጽፉት አንዲት ፊደል ገድፈው ኖሯል፤ ግድፈቷ ከደብተር ደብተር ሳትጎድል ተላልፋለች። «መሥራት» ማለት እንግዲህ ይህ ነው። የደብተሩን ባለቤት ትናንት ምን ስትሠራ እንደዋለች በቀላል እንግሊዝኛ ጠየቅናት። ቀጥ ብላ ተነሥታ «አይ አም ፋይን፣ ሳንክ ዩ ቲቸር» አለችና ተቀመጠች። ሱፐርቫይዘራችን ወደ ሁለተኛው አጀንዳ ተሻገሩ።

እኔ ግን ከደብተሩ አልሻገርም። ኮምፕሌክስ ሴንተንሱ የማን ነው? የልጅቷ አይደለም። የመምህሩም አይደለም፤ እሳቸውም ከመጽሐፍ ነው የቀዱት። ባለቤት የሌለው ዓረፍተ ነገር በየደብተሩ እየዞረ ነው፤ እኛም ቆጥረን «ይዘቱ ተሸፍኗል» ብለን ለወረዳ ሪፖርት እንልካለን።

የሚገርመው እነዚህ ልጆች ውስብስብ ዓረፍተ ነገር አጥተው አያውቁም። በዚያው ዕለት ጠዋት አንድ ልጅ አርፍዶ መጥቶ በር ላይ ተይዟል። ለምን እንደዘገየ ሲጠየቅ ያለው ይህ ነው፦ «በሬ ጠፍቶብን ስንፈልግ ስለመሸብን አጎቴ ቤት አድረን አሁን መጣን።» ቁጠሩልኝ እስቲ። «ጠፍቶብን»፣ «ስንፈልግ»፣ «ስለመሸብን»፣ «አድረን»፤ አራት ጥገኛ ግሦች በአንድ «መጣን» ላይ ተንጠልጥለዋል። አንዱም አልተደነቃቀፈም። ልጁ ምክንያትና ውጤትን፣ ቀዳሚና ተከታይን፣ ከሱፐርቫይዘሩ ቼክሊስት በተሻለ ያውቃቸዋል። የሌለው ሌላ ነው። በሬን፣ መጥፋትን፣ መፈለግን፣ ማደርን በእንግሊዝኛ የሚጠራበት ቃል የለውም። ቃሉ በሌለበት ማያያዣውን ማስጠናት ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው።

ደግሞም የሁለቱ ቋንቋዎች አሠራር የተገላቢጦሽ ነው። አማርኛ ምክንያቱን አስቀድሞ፣ «ስለ»ን ከግሡ ራስ ላይ ለጥፎ፣ ዋናውን ነገር መጨረሻ ላይ ያወርዳል። እንግሊዝኛ ዋናውን መጀመሪያ ይናገርና «ቢኮዝ» ብሎ ምክንያቱን ያስከትላል። ማስቀደምም ይችላል፤ ያኔም ቢሆን «ቢኮዝ» ከፊት ይቆማል እንጂ ግሡ ላይ አይለጠፍም። አጫጭሩን «አይ ዌንት»፣ «ሂ ኬም» ያልጨበጠ ልጅ ይህን ሁሉ በአንድ ጊዜ ሲገለብጥ የሚወጣው ነገር ይታወቃል። «ኦልዞው ሂ ኢዝ ፑር፣ ባት ሂ ኢዝ ሃፒ» የምትለዋ ዓረፍተ ነገር ከዚህ አገር አልጠፋ ያለችው ለምን ይመስላችኋል? «ድሃ ቢሆንም፣ ግን ደስተኛ ነው» የሚል አማርኛ ከሥሯ ተኝቶ ነው። ዩኒቨርሲቲ የጨረሰው ሁሉ ይጽፋታል። በአምስተኛ ክፍል የተሸፈነው ይዘት እንግዲህ የት ደረሰ?

ሱፐርቫይዘራችን መልስ ነበራቸው። የ12ኛ ክፍልን ፈተና ጠሩ። እውነት ነው፣ በ2014 ዓ.ም. ከተፈተኑት ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ፣ በ2015 ደግሞ 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2016 ወደ 5.4 በመቶ ከፍ ቢል ተመስገን ተባለ። «ይህ ሁሉ የሆነው ከታች ግራመር ስላልተያዘ ነው» አሉ። ወይ ግሩም! ያ ፈተና እኮ ምርጫ ነው። ተማሪው ማጥቆር እንጂ መጻፍ አይጠየቅም። የስምንተኛውም ያው ነው፣ የስድስተኛውም ያው። የእኛ ልጅ ከፊደል ቆጠራ እስከ ዩኒቨርሲቲ በር ሲደርስ፣ ዕጣውን በሚወስን ፈተና ላይ አንድም የራሱን የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር እንዲጽፍ የጠየቀው ሰው የለም። ባዶ ቦታው ላይ «ቢኮዝ» ነው «ኦልዞው» ብሎ ከአራቱ አንዱን ማጥቆር ነው የለመደው። ለዚህ ደግሞ ዓረፍተ ነገር ማወቅ አያስፈልግም፤ መልሱ ያለበትን ፊደል መገመት ይበቃል። እንግዲህ ግራመሩ አነሰ ይባላል? ከግራመር ሌላ ምን ሰጥተናቸው ነው!

ደግሞ «የግል ትምህርት ቤት ልጆች ሦስተኛ ክፍል ላይ ይሠሩታል» አሉ። አዎ፣ አዲስ አበባ ውስጥ ከውጭ በመጣ መጽሐፍ የሚያስተምሩ፣ ተማሪዎቻቸውም ቤት ሲገቡ በእንግሊዝኛ ካርቱን የሚያዩ ትምህርት ቤቶች አሉ። ለእኛው ለባሶ ሊበን ገበሬ ልጅ ያን መጽሐፍ መለኪያ አድርጎ ማምጣት ምን የሚሉት እኩልነት ነው? በ1990ዎቹ መጨረሻ ፕላዝማ መጣ ተብሎ በየሁለተኛ ደረጃው ቴሌቪዥን ሲሰቀል ያየነው ይህንኑ ነበር። ከደቡብ አፍሪካ የተቀዳው መምህር በሚጋልብ እንግሊዝኛ «ናው ዱ ዚስ ኤክሰርሳይዝ» ይላል፤ ተማሪው ጥያቄውን ገልብጦ ሳይጨርስ መልሱ ይመጣል። ክፍሉ ውስጥ ያለው መምህር አብሮ ያያል። ይዘቱ ተሸፍኗል!

እንግሊዝኛ በደርግ ጊዜ ከሦስተኛ ክፍል ነበር የሚጀምረው፤ በ1986 ዓ.ም. የወጣው ፖሊሲ ወደ አንደኛ ክፍል አወረደው። ያወረደው ሰው መምህሩን አብሮ አላወረደለትም። በመጀመሪያው እርከን አንድ መምህር ሁሉንም ትምህርት ይዞ እንግሊዝኛውንም ጨምሮ እንዲያስተምር ተደረገ። በ2002 ዓ.ም. የንባብ ምዘና ሲደረግ፣ ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ሲሶው በሚማርበት በራሱ ቋንቋ እንኳ አንዲት ቃል ማንበብ አቃተው። በዚህ ላይ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በክልላችን በተነሣው ግጭት ትምህርት ቤት ተዘግቶበት ስንት ዓመት ከደብተር የተለየ ልጅ አለ። በዚህ ልጅ ወንበር ፊት ቆሞ ስለ ሰብኦርዲኔት ክሎዝ መፎከር ድፍረት ካልሆነ ምን ይባላል?

ሱፐርቫይዘራችን የውጭ ልምድ ከመናፈቅ ከቢቸና አለፍ ብለው ዲማ ጊዮርጊስ ቅኔ ቤት ጎራ ቢሉ ኖሮ ይሻላቸው ነበር። የጎጃም ቅኔ ቤት ተማሪውን መጀመሪያ መወድስ ቁጠር አይለውም። ግሥ ያስወርደዋል፤ ሲያወርድ ይከርማል። ከዚያ በሁለት ቤት ጉባኤ ቃና ይጀምራል። ሲጠና ዘአምላኪየ ይደርሳል፤ ሦስት ቤት። ስምንት ቤቱ መወድስ የሚመጣው ብዙ ተንከራትቶ ነው። ትልቁ ነገር ግን ቅደም ተከተሉ አይደለም። ጉባኤ ቃናው ሁለት ቤት ብትሆንም የራሱ የተማሪው መሆኗ ነው። ዛፍ ሥር ተቀምጦ ቆጥሮ፣ የኔታ ፊት ቀርቦ ይነግራል፤ የሰው ቅኔ ይዞ ቢመጣ ጉባኤው ይስቅበታል። የኔታም ያርሙታል፣ ወይም «ተመለስና ቁጠር» ይሉታል። እኛ ዘመናዊዎቹ ነን ሠላሳ ደብተር ላይ አንድ ቅኔ አይተን «ቬሪ ጉድ» የምንል።

ታዲያ ይቅር ነው ወይ የምትለው? አላልኩም። «ዋይ?» ብሎ የሚጠይቅ መምህር ካለ «ቢኮዝ» ከሁለተኛ ክፍልም ይመጣል፤ ልጁ የሚናገረው ነገር ሲኖረው ማያያዣውን ራሱ ይፈልጋል። ትርጓሜው ይቆይ። የክሎዙ ስም ይቆይ። ከዚያ በፊት ግን ልጁ በሬው እንደጠፋ ሦስት አጫጭር ዓረፍተ ነገር በራሱ አፍ ይናገር፣ በራሱ እጅ ይጻፍ፤ ቢሳሳት ይሳሳት።

ከምር ከታሰበበት ደግሞ የስድስተኛ ክፍሉ ክልላዊ ፈተና ላይ አምስት ማርክ ለጽሑፍ ይመደብ፤ ባዶ መስመር፣ ምርጫ የሌለው። ይህን ሐሳብ በስብሰባው ላይ ሳነሣ አንድ ሰው «ያን ሁሉ ወረቀት ማን ያርመዋል?» ብሎ ጠየቀኝ። ሱፐርቫይዘራችን አሉ አይደል እንዴ! በኮምፕሌክስ ሴንተንስ ካልሆነ ማርክ አልሰጥም ካላሉ።