የአንድ ቀን ንጉሥ፥ የሦስት ዓመት ባለዕዳ

የዛሬ ወጣት የአባቶቹን ተዝካር ሲነቅፍ ምላሱ ስለታም ነው። «ሟች ላይመለስ በሬ ሸጦ፥ እህል ተበድሮ ቀዬውን ሁሉ ማብላት ምን ይባላል?» ይላል። እውነቱን ነው። ለአርባ ቀን ድግስ ሲል የእርሻ በሬውን ከበረት አውጥቶ፥ በክረምት ልጆቹን የሚያበላው ያጣ ገበሬ ብዙ ነበር። ነገር ግን ይኸው ተዝካር ነቃፊ የራሱ ሠርግ የደረሰ ጊዜ ምን ያደርጋል? በሬ የለውምና በሬ አይሸጥም፤ ገና ያልሠራበትን ደመወዝ ግን ይሸጣል። ከመሥሪያ ቤቱ ይበደራል፤ የዕቁቡን ዕጣ ባለተራውን ለምኖ ቀድሞ ይወስዳል፤ ባሕር ማዶ ያለች እኅቱን እስክትሰለች ድረስ በስልክ ይጨቀጭቃታል። አባቱ ለሙታን ከስረው ነበር፤ እርሱ ለመጋረጃ ይከስራል።

ሠርግ ይቅር አልልም፤ ሁለት ሰዎች ሲጋቡ ዘመድ ተሰብስቦ ቢበላና ቢጨፍር የሚከፋው ሰው ካለ ሆድ የባሰው ነው። የምጠይቀው ሌላ ነው። ብዙ ገንዘብ የምናወጣበት ነገርና የሚያስደስተን ነገር አንድ ናቸውን?

ገንዘቡ የሚሄድበትን እንቁጠር፤ ለአዳራሽ ኪራይ፥ በአበባ ለተሸለሙ መኪናዎች፥ ለአንድ ቀን ለሚለበስ ቬሎ፥ ለሚዜዎች አንድ ዓይነት ልብስ፥ ለዲኮር፥ ለቪዲዮ፤ በማግስቱ ለመልስ፥ ቀጥሎ ለቅልቅል። አሁን ደግሞ ካገቡ ዐሥር ዓመት የሆናቸውን ባልና ሚስት ስለ ሠርጋቸው ጠይቁ። የአዳራሹን መጋረጃ ቀለም የሚያስታውስ እስካሁን አላገኘሁም። የሚያስታውሱት አክስታቸው እስክስታ ሲወርዱ ነጠላቸው መውደቁን፥ አያታቸው ሲመርቁ ድምፃቸው መንቀጥቀጡን፥ ሚዜው ቀለበቱን ረስቶ እየሮጠ መመለሱን ነው። ለእነዚህ ማንም አንድ ብር አልከፈለም።

በድሮው ሠርግ ዳሱን የሚጥሉት የሰፈር ጎረምሶች፥ ሽንኩርቱን የሚልጡት ጎረቤት ሴቶች ነበሩ፤ ድስቱንና ብርጭቆውን ዕድር ያውሳል። ያንን ዘመን አላቈላምጠውም፤ ሸክሙ ሁሉ በሴቶች ጫንቃ ላይ ነበርና። ቢሆንም ሌሊቱን ሙሉ በሽንኩርት እንባ መካከል የሚሰማው ሳቅ ከሠርጉ ቀን ጭፈራ ይበልጥ ነበር። ዛሬ ያን ሥራ ለድግስ አዘጋጅ ድርጅት በገንዘብ ሰጠነው፤ ጎረቤትም የጥሪ ካርድ ይዞ የሚመጣ፥ በልቶም የሚሄድ እንግዳ ሆነ።

በአሜሪካ አገር በኤሞሪ ዩኒቨርሲቲ ሁለት የኢኮኖሚክስ መምህራን እ.ኤ.አ. በ2014 ትዳር ይዘው የሚያውቁ ከ3,000 በላይ ሰዎችን ጠይቀው ነበር። ለቀለበትና ለሠርግ ብዙ ያወጡት ሰዎች ትዳር ቶሎ የመፍረስ ዝንባሌ ታየበት፤ ብዙ ሰው የተገኘበት ሠርግ ግን ከሚሰነብት ትዳር ጋር አብሮ ተገኘ። ይህ የገንዘብ ወጪ ራሱ ትዳር ያፈርሳል ማለት አይደለም፤ ምክንያቱ ሌላ ሊሆን ይችላል። ሆኖም ሰው መጥራትና ገንዘብ መርጨት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ልብ ይሏል።

«ሠርግ አንድ ጊዜ ነው» የሚል መልስ ይመጣብኛል። ሠርጉስ አንድ ጊዜ ነው፤ ዕዳው ግን በየወሩ ይመጣል። በሦስተኛው ወር የቤት ኪራይ ሲጎድል «ያ ዲኮር የማን ሐሳብ ነበር?» የሚለው ጠብ ይጀመራል። ሕግ አስገድዶን ነው እንዳንል፥ በአዲስ አበባና በድሬ ዳዋ የሚሠራበት በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቤተሰብ ሕግ በክብር መዝገብ ሹም ፊት ለሚጋቡት የሚጠይቀው የዕድሜንና የፈቃድን ነገር፥ ከያንዳንዳቸው ወገንም ሁለት ሁለት ምስክር ነው፤ ስለ መኪና ሰልፍ አንድ ቃል የለውም። ተክሊልም ሆነ ኒካሕ አዳራሽ አይጠይቅም።

እንግዲህ የቀረው ይሉኝታ ነው። ሰው ምን ይለናል? ይህ የምንፈራው ሰው ማን እንደ ሆነ አስተውሉ። ለሠርጋችን ልብስ ገዝቶ፥ ስጦታ አዋጥቶ፥ ከቍርጡ ጮማው አነሰ ብሎ እያማ ቤቱ የሚገባ ጎረቤታችን ነው። ድግሱ ቢያምርለት እንኳ ደስታ ይዞ አይሄድም፤ ለራሱ ልጅ ሠርግ ከዚህ የሚበልጥ መደገስ እንዳለበት እያሰበ ይሄዳል እንጂ። እኛ የከሌን ሠርግ አይተን ተበደርን፤ እርሱ የእኛን አይቶ ይበደራል። በዚህ ሁሉ መካከል የተደሰተው አዳራሽ አከራዩ ብቻ ነው፤ በእርሱም አልፈርድም፥ ነጋዴ ነውና።

ስለዚህ በመጪው ጥር ልታገባ ያሰብህ ወንድሜ፥ አንቺም እኅቴ፥ የወጪውን ዝርዝር ሁለታችሁ ብቻ ተቀምጣችሁ አንብቡት። ከዐሥር ዓመት በኋላ የማታስታውሱትን ሰርዙ፤ አያታችሁን፥ አክስታችሁንና ጎረቤቱን አትሰርዙ። አንድ አጎት ተነሥተው «ቤተሰባችንን ልታዋርዱ ነው!» ብለው መቈጣታቸው አይቀርም። ያን ጊዜ የመሥሪያ ቤቱን የብድር ወረቀት በሁለት እጃችሁ ይዛችሁ፥ ዝቅ ብላችሁ እጅ ነሥታችሁ፥ በዋስነት ይፈርሙልን እንደሆነ ጠይቋቸው።