ልውውጡ ከውኃው ይቅደም

በሰው ሠራሽ ዝንብ ዓሣ ማጥመድ፣ ማለትም ከላባ፣ ከፀጉርና ከክር የተሠራ ነፍሳት መሰል ማታለያ በመንጠቆ ላይ አስሮ በረጅምና ተለማጭ ዘንግ እየወረወሩ ማስገር፣ ዋጋቸው ቀላል ያልሆነ ብዙ ዕቃዎችን ይጠይቃል። ስለዚህም አጥማጆች በሐይቅ ዳር ድንኳን ተክለው ጥቂት ቀናት የሚያሳልፉበትና የተረፋቸውን ዘንግ፣ የክር ማጠንጠኛ ወይም ውኃ የማያስገባ ሱሪ የሚቀያየሩበት ስብሰባ በተለይ ለጀማሪው ታላቅ ጥቅም አለው፤ ከአሮጌው ዘንግ ጋር የባለቤቱን ልምድ አብሮ ይወስዳልና። ይሁን እንጂ አዘጋጆች ስለ ድንኳን ቦታና ስለ ምግብ ሲጨነቁ፣ ልውውጡ በየትኛው ቀን ይሁን የሚለውን ጥያቄ እንደ ተራ ጉዳይ ማለፋቸው ትክክል አይደለም። ከሁሉ አስቀድሞ ሊወሰን የሚገባው እርሱ ነው።

ለዚህ ጥሩ ማሳያ የሚሆነው በአሜሪካ ኔቫዳ ግዛት ከሬኖ ከተማ በስተሰሜን ምሥራቅ የሚገኘው ፒራሚድ ሐይቅ ነው። ሐይቁ ከታሆ ሐይቅ የሚወጣው የትራኪ ወንዝ ማብቂያ ሲሆን፣ ወደ ሌላ ስፍራ የሚፈስበት መውጫ የለውም። ከጉሮሮው ሥር ባለው ቀይ ምልክት የሚለየው ላሆንታን ከትስሮት የተባለው የትራውት ዓሣ በዚህ ሐይቅ እጅግ ይገዝፍ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1925 ጆን ስኪመርሆርን የተባለ የፓዩት ነገድ ተወላጅ ያወጣው 18.6 ኪሎ ግራም የሚመዝን ዓሣ እስከ ዛሬ የዝርያውን ክብረ ወሰን ይዟል። ነገር ግን በ1905 የተጠናቀቀው የደርቢ ግድብ የወንዙን ውኃ ወደ መስኖ እርሻ ስለጠለፈው ሐይቁ ጎደለ፤ ዓሣው እንቁላሉን ሊጥል ወደ ወንዙ የሚወጣበት መንገድ ተዘጋ፤ በ1940ዎቹ መጀመሪያ ላይም የጥንቱ ዘር ከሐይቁ ጠፋ። በ1970ዎቹ መጨረሻ የዚያው ዘር ቅሪት በኔቫዳና በዩታ ወሰን አካባቢ ባለው የፓይለት ፒክ ተራራ አንዲት ትንሽ ጅረት ውስጥ ተገኘ፤ በማራቢያ ጣቢያ ከተባዛ በኋላም ከ2006 ጀምሮ ወደ ሐይቁ መመለስ ጀመረ። ይህን ያህል ተለፍቶበት የተመለሰ ዓሣ ባለበት ውኃ ዳር የሚሰበሰብ ሰው ከባድ አደራ አለበት።

ሐይቁ የፒራሚድ ሐይቅ ፓዩት ሕዝብ ይዞታ ስለሆነ የማጥመጃም ሆነ የማደሪያ ፈቃድ የሚገኘው ከነገዱ እንጂ ከግዛቱ መንግሥት አይደለም። ወደ ኋላ የሚይዝ እሾህ የሌለው መንጠቆ መጠቀም ግዴታ ነው፤ ከ1913 ጀምሮ የፔሊካን ወፎች መጠለያ በሆነችው አናሆ ደሴት ላይ መውረድም ክልክል ነው። አዘጋጆች ቀን ከመቁረጣቸው በፊት የነገዱን ሰዎች ማነጋገራቸው ከሕግ አክባሪነት አልፎ የእንግድነት ወግ ነው።

የልውውጡ ስጋት ያለው በእርጥብ ዕቃ ላይ ነው፤ ባዕድ ፍጥረትን ከአንዱ ውኃ ወደ ሌላው ሊያጓጉዝ ይችላልና። የኒውዚላንድ የጭቃ ቀንድ አውጣ ርዝመቱ ከ5 ሚሊ ሜትር እምብዛም የማይበልጥ ፍጥረት ሲሆን፣ እንስቷ ያለ ወንድ ስለምትራባ አንዲት ብቻ ብትገባ ለአዲስ መንጋ መነሻ ትሆናለች። የዛጎሏን ክዳን ዘግታ በእርጥብ ጫማ ላይ ለቀናት ትቆያለች፤ ዓሣ ቢውጣትም ብዙ ጊዜ ሳትፈጭ በሕይወት ትወጣለች። ይህች ቀንድ አውጣ በ2023 በታሆ ሐይቅ ተገኝታለች፤ እምቦጭ በጣና ላይ ያደረሰውን የሚያውቅ አንባቢም ባዕድ ፍጥረት አንዴ ከገባ በኋላ ማስወጣቱ ምን ያህል እንደሚያዳግት አይጠፋውም። ከሁሉ ዕቃ ይበልጥ የሚያሰጋው ፌልት በሚባል ውኃ በሚመጥ ጨርቅ የተለበጠ ሶል ያለው ጫማ ነው፤ በሚያዳልጥ ድንጋይ ላይ እግርን አጥብቆ ቢይዝም ጭቃንና ጥቃቅን ፍጥረታትን በውስጡ ስለሚያሰነብት ኒውዚላንድ በ2008 አግዳዋለች።

እንግዲህ ልውውጡ በመጨረሻው ቀን፣ ሁሉም ሰው ከውኃ የወጣ እርጥብ ዕቃውን ተሸክሞ ሊበተን ሲል ከተደረገ፣ ስብሰባው ራሱ የፍጥረቱ ማጓጓዣ ይሆናል። በመጀመሪያው ማታ፣ ማንም እግሩን ውኃ ውስጥ ሳይከት፣ ቤት ደርቆ የመጣው ዕቃ ብቻ ቢቀያየር ግን ስጋቱ በእጅጉ ይቀንሳል። ባለቤቱ ዕቃው ለመጨረሻ ጊዜ የገባበትን ውኃና ቀኑን በወረቀት ጽፎ ቢያንጠለጥልበት ተቀባዩ የሚያደርገውን ያውቃል። በፒራሚድ አጥማጆች ከዳር ራቅ ብለው ውኃው ውስጥ በተተከለ መሰላል ላይ ቆመው ስለሚወረውሩ፣ የመሰላሉ እግርም እንደ ጫማው ሊፈተሽ ይገባዋል። ወረቀት የሌለው ሱሪ ወይም ጫማ መለወጡ አይከለከልም፤ ተቀባዩ ግን በዚህ ሐይቅ ሳይገባበት ወደ ቤቱ ወስዶ ካጠበው በኋላ በበረዶ ማቀዝቀዣ ውስጥ ያሳድረው፤ በሚገባም ያድርቀው።