ከጎንደር እስከ ገዳሪፍ፦ የመስመሩ መሣሪያዎች ሰርተፍኬት ይያዙ?

ይያዙ

እ.ኤ.አ. በ2013 የተመረቀው የ230 ኪሎ ቮልት የኤሌክትሪክ መስመር ከጎንደር ተነሥቶ በመተማ በኩል ሱዳን ውስጥ ገዳሪፍ ይገባል። በእንዲህ ያለ መስመር ላይ የማከፋፈያ ጣቢያዎች ከመቆጣጠሪያ ማዕከል ጋር የሚነጋገሩት በትንንሽ ኮምፒውተሮች ነው። ልኬት ይልካሉ፤ ብሬከር ክፈት፣ ዝጋ የሚል ትእዛዝ ይቀበላሉ። በዘርፉ የተለመደው ቋንቋ፣ አይ ኢ ሲ 104፣ በራሱ «ማን ነህ?» ብሎ አይጠይቅም። ኔትወርኩ ውስጥ የገባ ሁሉ አዛዥ ነው።

የሁለትዮሽ ቲ ኤል ኤስ፣ ማለትም ሁለቱ ወገኖች ማንነታቸውን ተረጋግጠው በምስጢር የሚነጋገሩበት ስልት፣ ይህን በር ይዘጋል። የባንክ ድረ ገጽ ስንከፍት ማንነቱን የሚያሳየን ባንኩ ብቻ ነው፤ እዚህ ግን ሁለቱም ወገን ሰርተፍኬቱን፣ ማለትም በታመነ አካል የተፈረመ የማንነት ማስረጃውን፣ ያሳያል። መሣሪያው ምስጢራዊ ቁልፉን በራሱ ውስጥ ያመነጫል። ወደ ውጭ የሚወጣው የፊርማ ጥያቄ ብቻ ነው፤ ሰጪው አካል ፈርሞ ሰርተፍኬቱን ይመልሳል። ማን ይፈርም? በእኛ በኩል አዋጅ ቁጥር 1072/2010 ዋና ሰርተፍኬት ሰጪነቱን ለኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት መሥሪያ ቤት (ኢንሳ) ሰጥቷል። ሱዳንም ለራሷ መሣሪያ ትፈርም፤ አንዱ የሌላውን ፊርማ ለዚህ መስመር ብቻ ይመን።

በአንድ የጋራ የይለፍ ቃል ብንሠራስ? ሱዳን እ.ኤ.አ. ከ2023 ወዲህ ጦርነት ላይ ናት። አንድ ሳጥን ቢዘረፍ ቃሉ ከየጣቢያው ሁሉ ተዘረፈ ማለት ነው። በሰርተፍኬት ግን የምንሰርዘው የዚያን ሳጥን ብቻ ነው።

አይያዙ፣ ቢያንስ አሁን

ወዳጄ ሰዓቱን ዘነጉት። ሰርተፍኬት ከዚህ ቀን እስከዚያ ቀን የሚል ነው። የሰዓት ባትሪው የሞተ መሣሪያ ደግሞ መብራት ሄዶ ሲመጣ ብዙ ጊዜ ቀኑን ከ1970 ይጀምራል። በእርሱ ዓይን የማዕከሉ ሰርተፍኬት ገና አልጸናም፤ ስለዚህ አላውቅህም ይላል። ይህ የሚሆነው መቼ ነው? መስመሩ ወድቆ ለማንሣት ስንጣደፍ!

ሰዓቱ ከኔትወርክ ይሞላ ይሆን? እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ የሱዳን ስልክና ኢንተርኔት በአብዛኛው ጠፍቶ ነበር። በእጅ ይሞላ? በእኛ ዘመን አቆጣጠር የሞላ ቴክኒሻን መሣሪያውን ሰባት ስምንት ዓመት ወደኋላ ይጥለዋል። (ሱዳንም እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ከእኛ በአንድ ሰዓት ወደኋላ ናት፤ ድንበሩ ላይ ስንት ሰዓት ነው ማለት ራሱ ሙግት ነው።)

እድሳቱስ? እ.ኤ.አ. በ2018 ማብቂያ በኤሪክሰን ሶፍትዌር ውስጥ የአንድ ሰርተፍኬት ጊዜ አልፎ፣ በብሪታንያ ሚሊዮኖች የሞባይል ኩባንያው የኦ ቱ ደንበኞች ኢንተርኔት አጡ።

ደግሞም እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 2016 ኪየቭን በከፊል ያጨለመው ቫይረስ ትእዛዝ ከሚሰጥባቸው ቋንቋዎች አንዱ ይኸው 104 ነበር፤ የተቀመጠው ግን መቆጣጠሪያው ኔትወርክ ውስጥ ነው። የማዕከሉን ኮምፒውተር የያዘ ሰው በሰርተፍኬቱም ያዝዛል። ገንዘቡ መጀመሪያ ማዕከሉን ለማጠር ይዋል።

የደጋፊው መልስ

የሰዓቱ መድኃኒት ጂፒኤስ ነው፤ ኔትወርክ አይለምንም። የማለቂያው ቀንም ቢሆን፣ የሰርተፍኬቶች መስፈርት ለመሣሪያ ሰርተፍኬት እስከ እ.ኤ.አ. 9999 ድረስ ይፈቅዳል። ማዕከሉን ማጠር ግድ ነው፤ መንገድ ላይ ገብቶ ማዕከሉን መስሎ የሚያዝዘውን ግን አያስቆምም።

የተቃዋሚው መልስ

እስከ 9999 የሚጸናው ሳጥን ሲዘረፍስ? የስረዛው ዝርዝር ኔትወርክ የጠፋበት ጣቢያ እንዴት ይደርሳል? ጂፒኤሱን፣ አዳሹንና ዝርዝሩን የሚያደርሰውን ሰው በጨረታ ሰነዱ ላይ ጽፋችሁ አሳዩኝ፤ ያን ጊዜ እኔም እፈርማለሁ።