የክረምት ልብስ በንፋስ እንጂ በፍም አይድረቅ

ሐምሌና ነሐሴ ለአዲስ አበባ እናቶች የገመድ ወራት ናቸው። ጠዋት ሰማዩ ታይቶ ልብስ ይሰጣል፤ እጅ ሳይደርቅ ካፊያው ይመጣል። ተለቅሞ ይገባል፤ ሲያባራ ተመልሶ ይወጣል። በሦስተኛው ሰው ይታክትና ገመዱን ቤት ውስጥ ይወጥራል። ሕፃን ያለበት ቤት ደግሞ ይህን በየቀኑ ያየዋል። ማታ ላይ የሕፃኑ ልብስ አልደርቅ ሲል፣ ለቡና የተቀጣጠለው ፍም እንዳይባክን ተብሎ ምድጃው ከገመዱ ሥር ይገባል፤ ብርድ እንዳይገባም በርና መስኮት ይዘጋል። የዛሬው ጨዋታችን ይህን ምድጃ ስለማስቀረት ነው።

አንድ ነገር እንያዝ። ልብስን የሚያደርቀው ሙቀት ብቻ አይደለም፤ የሚንቀሳቀስ አየርም ያስፈልገዋል። በማሽን ተጨምቆ የወጣ አንድ ዙር ልብስ እንኳ 2 ሊትር ያህል ውሃ ሊይዝ ይችላል፤ በእጅ የተጨመቀው ከዚህም ይበልጣል። ይህ ውሃ ከልብሱ ሲወጣ የሚገባው ወደ ክፍሉ አየር ነው። መስኮቱ ከተዘጋ አየሩ ውሃ ይጠግባል፤ ልብሱ እርጥብ እንደሆነ ያድራል፤ መስታወቱን ያልበዋል፤ የግድግዳው ጥግ ይሻግታል። ሻጋታው ደግሞ አስም ላለበት ልጅም ሆነ አያት ጠንቅ ነው።

“በዝናብ መስኮት ብከፍት እርጥበት ይገባብኛል” የሚሉ ብዙዎች ናቸው። ነገር ግን የውጪው ቀዝቃዛ አየር የሚይዘው ውሃ፣ እርጥብ ልብስ ከሞላው ክፍል አየር ብዙውን ጊዜ ያነሰ ነው። ስለዚህ ልብስ የተሰጣበትን ክፍል መስኮት ትንሽ ገርበብ አድርጉ፤ ወደ መኝታ ቤት የሚወስደውን በር ግን ዝጉ። ሲያባራ ፊት ለፊት ያሉትን መስኮቶች ለጥቂት ደቂቃ ከፍታችሁ ንፋስ አሳልፉ።

የቀረው የእጅ ሥራ ነው። መጀመሪያ ልብሱን በደንብ ጭመቁ። የሕፃን ልብስ ከሆነ በደረቅ ፎጣ ላይ ዘርግታችሁ ከፎጣው ጋር ጠቅልሉና በእጃችሁ ጫን ጫን አድርጉት፤ ፎጣው ብዙውን ውሃ ይጠጣዋል። ስታሰጡ በልብስና በልብስ መካከል አራት ጣት ያህል ክፍተት ተዉ። ጂንስ ሱሪን ገልብጡ፤ ኪሱ ወደ ውጪ ይሁን። ሸሚዝና ሹራብ በማንጠልጠያ ቢሰቀሉ አየር በውስጣቸው ያልፋል፤ ቦታም ይቆጥባሉ።

የሳምንቱን ክምር ቅዳሜ ላይ ከማጠብ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ማጠብ ይሻላል። አዲስ አበባ ላይ ዝናቡ ብዙ ጊዜ የሚበረታው ከቀትር በኋላ ስለሆነ ማልዳችሁ እጠቡ። ጋቢና ብርድ ልብስ ካልተገደዳችሁ መስከረምን ይጠብቁ። ትንሽ እርጥበት የቀረውን ልብስ በካውያ ጨርሱት። የእርጥበት ሽታ የያዘውን እንደገና እጠቡና በመጨረሻው ማለቅለቂያ ውሃ ላይ ጥቂት አቼቶ ጨምሩ። አቼቶና በረኪና ግን በአንድ ሳፋ አይገናኙ፤ ሲቀላቀሉ መርዛማ ጋዝ ያወጣሉ።

አሁን ወደ ምድጃው እንመለስ። “ጭሱ አልቋል፤ ፍሙ ቀልቷል፤ ከእንግዲህ አይጎዳም” ማለት የተለመደ ነው። ሆኖም የቀላው ፍምም ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለውን ጋዝ ያወጣል። ይህ ጋዝ አይታይም፤ አይሸትም። ራስ ያሳምማል፤ ያዞራል፤ ያቅለሸልሻል፤ የተኛን ሰው ግን ሳያነቃ ሊገድል ይችላል። ሕፃናት፣ ነፍሰ ጡሮች፣ አረጋውያንና የልብ ሕመምተኞች ይበልጥ ይጎዳሉ። በአንድ ክፍል ያሉ ሰዎች አብረው ራሳቸውን ካመማቸው ብርድ ነው አትበሉ፤ በርና መስኮት እየከፈታችሁ ሁሉንም ወደ ውጪ አውጡና ፈጥናችሁ ወደ ሕክምና ውሰዷቸው።

አያቶች “እኛ በፍም ዳር አይደል ያደግነው?” ቢሉ እውነት አላቸው። ያ ቤት ግን በጣሪያውና በግድግዳው መካከል፣ በበሩም ሥር ንፋስ የሚያስገባ ነበር። የዛሬው የኮንዶሚኒየም ክፍል በመስታወትና በብረት በር የተዘጋ ጠባብ ክፍል ነው፤ ጋዙ መውጫ የለውም። በቤት ውስጥ የሚሰማው የእናንተ ቃል ነውና፣ ምድጃው ወደ መኝታ ክፍል እንዳይገባ የምትከለክሉትም እናንተ ሁኑ።

የልጁ ልብስ እስከ ማታ ካልደረቀ ገመዱ ላይ ይደር። ለዛሬ የታላቁን ሹራብ እጅጌውን አጥፋችሁ አልብሱት።