ቫሴክቶሚ ወንድነትን ያጠፋልን?



ባለፈው ጁሙዓ ከሶላት በኋላ፣ እዚሁ አቃቂ፣ የአንድ ተማሪያችን አባት ገለል አድርገው አነጋገሩን። ባለቤታቸው ሦስቱንም ልጆች የወለዱት በቀዶ ሕክምና ነው። ሐኪሙም ሌላ እርግዝና ለሕይወታቸው እንደሚያሰጋ ነግሯቸዋል። «ለወንድ የሚሠራ ቫሴክቶሚ የሚባል አለ አሉ። ግን ኡስታዝ፣ ውሎ አድሮ እንደ ሙክት ልሆን ነው?» አሉን።

ለማወቅ መጠየቅ አያሳፍርምና ጥያቄውን እዚህ ልንመልሰው ወደድን።

ሙክት የሚኮላሸው የዘር ፍሬው ተቀጥቅጦ ነው። ፍሬው ዘርን ያፈራል፤ ቴስቶስትሮን የተባለውን የወንድነት ሆርሞንም ይሠራል። ሲቀጠቀጥ ሁለቱም ይቀራሉ። በቫሴክቶሚ ግን ፍሬው አይነካም፤ የሚቆረጡትና የሚቋጠሩት ዘር የሚያልፍባቸው ሁለት ቀጫጭን ቱቦዎች ብቻ ናቸው። ሆርሞኑ ደግሞ በቱቦ አይሄድም፤ ከፍሬው በቀጥታ ወደ ደም ይገባል። መጠኑንም የሚያዘው ከአንጎል ሥር ያለው ፒቱታሪ ዕጢ ነው። ስለዚህ ጢሙም፣ ድምፁም፣ ፍላጎቱም እንደነበሩ ይቆያሉ። ለዓመታት የተደረጉ ክትትሎችም በቀዶ ሕክምናው ሳቢያ ሆርሞኑ ሲጎድል አላሳዩም። ዕድሜ ሲገፋ በማንኛውም ወንድ ላይ ቀስ እያለ መቀነሱ ግን ያለ ነው።

ይህ ሲባል ጣጣ የለውም ማለታችን አይደለም። ጥቂት ወንዶችን የሚሰነብት ሕመም ያገኛቸዋል። 3 ወር ያህል፣ ምርመራ ዘር አለመኖሩን እስኪያረጋግጥ፣ ሌላ መከላከያ ያሻል። ከሁሉ በላይ፣ ቱቦውን መልሶ ማገናኘት ሁልጊዜ አይሳካም። ዓለም አቀፉ የፊቅህ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1988 ኩዌት ላይ የወሰነውም ይህንኑ ይመለከታል፤ ሸሪዓ የሚቀበለው አስገዳጅ ምክንያት ከሌለ የመውለድን ችሎታ ለዘለቄታው ማጥፋትን ከልክሏል። ባልና ሚስት ተመካክረው ለጊዜው መከላከልን ግን ፈቅዷል።

እንግዲህ ሊታሰብበት የሚገባው ወንድነት መጥፋቱ ሳይሆን ውሳኔው የማይመለስ መሆኑ ነው።

አባወራው ዝም ብለው ቆዩና «ታዲያ ለእሷ ምን ልበላት?» አሉን። «ሐኪሙም ዓሊሙም ዘንድ አብራችሁ ሂዱ» አልናቸው። እ.ኤ.አ. በ2016 በአገራችን በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ካገቡ ሴቶች 35 በመቶው ዘመናዊ መከላከያ ይጠቀሙ ነበር፤ አብዛኛውም በሴቷ አካል ላይ የሚውል መርፌና በክንድ የሚቀበር ነው። ሸክሙ የማን እንደሆነ ቁጥሩ ይናገራል። ምርጫው የትኛውም ይሁን፣ ሚስት ብቻዋን ልትጨነቅበት አይገባም።

ወላሁ አዕለም።