ለበዓሉ የምንለስነው የትኛውን ግድግዳ ነው?

ክረምቱ አልፎ መስከረም 17 ቀን የመስቀል በዓል ሲደርስ በየቤቱ ልስን ይታደሳል፤ አጥር ይጠገናል፤ መዝጊያው ቀለም ይቀባል። መልካም ልማድ ነው። ሆኖም ብዙዎቻችን የምናድሰው በመንገድ በኩል ያለውን ገጽ ብቻ ነው። የጭቃ ቤትን የሚጎዳው ግን ከክዳኑ የሚወርደው ጠፈጠፍ መሬት ላይ እየነጠረ፣ ማንም በማያየው በጓሮ በኩል የግድግዳውን ሥር ሲያርሰው ነው። ስለዚህ ከቀለሙ አስቀድሞ ቦዩ ሊጠረግ፣ የተሸረሸረውም ጭድ በገባበት ጭቃ ሊመረግ ይገባል።

ቦዩስ ወደ ማን ይፈስሳል? በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 22 ቁጥር 8 አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው፣ ማንም ከጣራው ወድቆ የደም ዕዳ በቤቱ ላይ እንዳይሆን፣ ዙሪያውን መከታ እንዲያበጅ ታዝዟል። ሕጉ የተሠራው ለቤቱ ውበት ሳይሆን ለሌላው ሰው ደኅንነት ነው። እኛም የራሳችንን ግድግዳ ለማዳን ጎርፉን ወደ ጎረቤት ቅጥር ከለቀቅነው፣ የቤታችን ማማር በደላችንን አይሸፍንም።

እንግዲህ በዚህ በዓል ከምናቦካው ጭቃ ጥቂቱን አቅም ላነሳት አረጋዊት ጎረቤታችን ግድግዳ እናትርፍ። የመስቀሉ ፍቅር በደጃችን የሚታየው ያን ጊዜ ነው።

መልካም በዓል ያድርግልን።