ፎቶው ይቅርብን፣ ወፏ ትኑር

ባለፈው ክረምት ስልኬን በፕላስቲክ ጠቅልዬ በርጋ ረግረግ ዳር ቆሜ ነበር። በርጋ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ፣ አዲስ ዓለም አካባቢ ያለ ውሃ ያዘለ ሜዳ ነው። የመጣሁት ለአንዲት ወፍ ብዬ ነው፤ በእንግሊዝኛ «ኋይት ዊንግድ ፍላፍቴይል» ትባላለች። ከድንቢጥ ብዙም አትበልጥም፤ ሳር ለሳር ትሽሎከሎካለች እንጂ እምብዛም አትበርም። ስትነሳ ክንፏ ላይ ነጭ ብልጭ ይላል፣ ወዲያው ደግሞ ሳሩ ውስጥ ትጠፋለች።

አየኋት? አላየኋትም። ሁለት ሰዓት ሙሉ የቀረጽኩት ሳር ሲወዛወዝ ነው። ሲሰለቸኝ ጫማዬን አውልቄ ልገባ ስል፣ ከብት የሚጠብቅ አንድ ጎልማሳ ከሩቅ ጮኸብኝ፦ «ወንድሜ፣ ተመለስ! እንቁላል ትረግጣለህ!» መጀመሪያ ተናደድኩ። «የራሱ ከብቶችስ?» አልኩ በልቤ። ዞር ብዬ ሳይ ከብቶቹ ደረቁ ላይ ናቸው። ያኔ አፈርኩ።

ነገሩ ቀልድ አይደለም። ይህች ወፍ እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ በዓለም አቀፉ መዝገብ ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት ተርታ ናት። በዓለም ላይ የቀሩት፣ ለመራባት የደረሱት፣ 250 እንደማይሞሉ ይገመታል። ጎጆዋን የምትሠራው በክረምት፣ እዚያው እኔ ልገባበት በነበረው ሳር ውስጥ ነው። አንድ እግር አንድ ጎጆ ቢያጠፋ ከስንት ላይ እንደሚቀነስ አስቡት።

«ፎቶ ካልተነሳች ማን ያውቃታል?» የምትሉኝ አላችሁ። እውነት ነው፣ ፎቶ ይጠቅማል። ለብዙ ዓመታት ትራባለች ተብሎ የሚታወቀው እዚህ እኛ አገር ብቻ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2018 ግን ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ሚደልፑንት በሚባል ረግረግም እንደምትራባ ታወቀ። ያሳወቀውም ፎቶ ነው። ግን ማን አነሳው? ተመራማሪዎች ሳሩ ውስጥ ካሜራ ተክለው ሄዱ፤ ወፏ ከፊቱ ስታልፍ ካሜራው ራሱ ያነሳል። ከዚያ በፊት እሷን ለማየት ሳሩ ላይ ገመድ እየጎተቱ ማስበርገግ የተለመደ ነበር። ሰው ዞር ሲልላት ጫጩቶቿን ይዛ ወጣች።

ስለዚህ አቋሜ ግልጽ ነው፦ በመራቢያዋ ወቅት ስልክ ይዞ ረግረጉ ውስጥ መግባት ይቅር። ለባለሙያዎቹ እንተውላቸው። ከዳር ሆኖ ማንሳት ግን ማን ከለከለ? ሜዳውን፣ ሰማዩን፣ ሌሎቹን ወፎች አንሱ። ወፏ እንድትወጣ ብላችሁ በስልክ ድምፅ አታጫውቱ፤ ጠላት መጣብኝ ብላ ትረበሻለች። ጎጆ ካጋጠማችሁም ሎኬሽኑን ቲክቶክ ላይ አትልቀቁ። እናንተ በጥንቃቄ ብትሄዱም፣ ከኋላችሁ የሚመጡት ሃምሳ ሰዎች እንደናንተ ላይጠነቀቁ ይችላሉ።

አንድ ነገር ልጨምር። ለዕንቁጣጣሽ የምንጎዘጉዘው ቄጠማ የሚታጨደው ከእንዲህ ዓይነት እርጥብ መሬት ነው። ረግረግ ሲደርቅ ወይም ሲታረስ የምትጠፋው ወፏ ብቻ አይደለችም፤ የበዓላችንም መልክ አብሮ ይሄዳል።

የዚያን ቀን ቪዲዮ አሁንም ስልኬ ላይ አለ። ሁለት ደቂቃ ሙሉ ሳር ብቻ። ጓደኞቼ «ምኑ ነው ይሄ?» ብለው ይስቁብኛል። «ቤቷ ነው» እላቸዋለሁ።